አንድ ክዳን፣ ግማሽ ሰዓት

ሰኔ 26

ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። ጭቃው እግሬን ስለሚይዘው ነው እንጂ ሌላ የሚያመኝ ነገር የለም።

ስልክ የማታነሺው ተቀይመሽኝ ነው ወይ ብለሃል። አልተቀየምኩህም። በስልክ ስናወራ አንተ ሬዲዮ ትሆናለህ፣ እኔ አድማጭ። የጀመርኩትን ሳልጨርስ ቀልድ ትወረውርበታለህ፣ እስቃለሁ፣ የደወልኩበት ጉዳይ ሳይነሳ ይቀራል። በደብዳቤ ግን አታቋርጠኝም። ይህን የሚያደርስልህ የአውቶቡሱ ሹፌር ነው፤ ማክሰኞና ዓርብ ይመላለሳል። መልስህን ለእሱ ስጠው። አድናቂህ ስለሆነ አደራ አይበላም።

ወደ ነገሬ ልግባ። ታችኛው ሰፈር በሽታ ገብቷል፤ ተቅማጥና ትውከት። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ሃያ ስድስት ሰው አስተኝተናል። ቧንቧው ከተሰበረ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ይህን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ፣ ውሃ ሥራዎቹን በሬዲዮ በየጠዋቱ ስታብጠለጥል ነው የኖርከው። ሰዉ የሚጠጣው ከምንጩ ነው። ጎርፉ ደግሞ የላይኛውን ሰፈር የመጸዳጃ ጉድጓድ ሁሉ እያጠበ ይወርድና ምንጩ ውስጥ ይገባል።

ውሃ ሥራው የላከውን የውሃ መድኃኒት ጤና ጣቢያው በትንንሽ ጠርሙስ አስይዞኝ ቤት ለቤት አድላለሁ። ለአንድ ጀሪካን ውሃ አንድ ክዳን መድኃኒት መጨመር፣ ግማሽ ሰዓት ማቆየት፣ ከዚያ መጠጣት ነው። በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ከዚህ የቀለለ ነገር ሰው ጠይቄ አላውቅም። የሚሰማኝ ግን የለም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ እንዳትቆጣ።

ባለፈው ሚያዝያ በፕሮግራምህ «ውሃ ሥራው ቧንቧውን ማጠብ ቢያቅተው አንጀታችንን ሊያጥብልን ተነሳ» ብለህ ነበር። ትዝ ይልሃል? አልዋሽህም፣ እኔም ስቄያለሁ። ያ ቀልድ እዚህ ለመድኃኒቱ ስም ሆነለት፤ «አንጀት አጣቢ» ነው የሚሉት። እኔንም «አንጀት አጣቢዋ መጣች» እያሉ በር ይዘጉብኛል። ደህናዎቹ ጠርሙሱን ተቀብለው ነጭ ልብስ ያጥቡበታል። የሰፈሩ አንሶላ እንደ ዘንድሮ ነጥቶ አያውቅም።

ከሁሉም የባሰችብኝ ማን መሰለችህ? አክስታችን። ያሳደገችንን ሴት ግትርነት ላንተ አልነግርህም። ሬዲዮዋን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ በየጠዋቱ ትሰማሃለች። ጠርሙሱን ስሰጣት «ልጄ አንጀት ያጥባል ብሏል፤ ልጄን ልስማ ወይስ ያንቺን ጤና ጣቢያ?» ትለኛለች። ምንጩ ደግሞ ከእሷ ቤት ሥር ነው። በሰባ አራት ዓመቷ ይህ በሽታ ቢይዛት የምትተርፍ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልለምንህ። ውሃ ሥራዎቹን አትማርልኝ፣ ስደባቸው፣ የእጃቸው ነው። ከስድቡ በኋላ ግን «አንድ ክዳን፣ ግማሽ ሰዓት» በልልኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ።

እህትህ


ሰኔ 30

እትዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። መቼ ነው የምትመጣው ትዪኝ ይሆናል፤ እኔም አላውቀውም። ዘንድሮ ድካም ተጫጭኖኛል፤ ጠዋት ተናግሬ ከወጣሁ በኋላ ቀኑን ሙሉ አፌን መክፈት ያስጠላኛል።

ቀልዱ የእኔ ነው፣ አልክድም። ስም ሆኖ ሰፈር ለሰፈር መዞሩን ግን ከአንቺ ነው የሰማሁት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

የለመንሽኝን ግን እንዴት አድርጌ ልፈጽመው? ጣቢያችን ውስጥ አንድ ማስታወቂያ አንባቢ አለ፤ ደግ ሰው ነው። «ውድ አድማጮቻችን፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ» ብሎ ሲጀምር ሰው ሁሉ ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ ወደ ሥራው ይዞራል። እኔን ግን ከፍ ያደርገኛል። ለምን? የሹም አፍ ስላልሆንኩ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳን «መሥሪያ ቤቱ እንዳለው» ብዬ አላውቅም። «ምላጭ» ያሉኝ በከንቱ አይደለም። ዛሬ ተነስቼ የውሃ ሥራውን መድኃኒት ጠጡ ብል ነገ «ምላጩን ምን አብልተውት ነው?» ነው የሚባለው። ያን ቀን እኔ አለቀልኝ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ቧንቧውም የሚሰማኝ አይኖርም።

ይህን ስጽፍልሽ ጥሩ ስሜት እየተሰማኝ አይደለም። ግን ሁሉም ሰው በየሥራው ነው። አንቺ ታክሚያለሽ፣ እኔ እናገራለሁ።

አክስቴን ግን አደራ። አንቺ ብልሃት አታጪም፤ ሳታይሽ ጨምሪበት።

ወንድምሽ


ሐምሌ 3

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ባጭሩ ብመልስ አትቀየመኝ፣ ቆሜ ነው የምጽፈው።

ሳታይሽ ጨምሪበት ላልከኝ፣ ጨመርኩ። ገና ወደ አፏ ስታስጠጋው በጠረኑ አወቀችና ሃያውን ሊትር ደጃፍ ላይ ደፋችው። ከዚያ ጀሪካኑን አንጠልጥላ፣ በዚያ ወገቧ፣ ተመልሳ ምንጭ ወረደች። እኔ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እሷ ደግሞ «ምን ሆነሽ ነው? ባል ቀማሁሽ?» ትለኛለች።

አልጋው ሞልቶ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፈናል። የልብስ ሰፊው ሚስት ረቡዕ ሞተች። ልብስ ሰፊውን አትረሳውም፤ የትልቅ ሰው ሱሪ እያጠበበ ትምህርት ቤት ሲያስገባህ የነበረው ነው። ጠርሙሱን እኔው ሰጥቻቸው ነበር። ሳይከፈት መደርደሪያው ላይ አገኘሁት።

ሁሉም በየሥራው ነው ብለሃል። ልክ ነህ፣ ሥራህንም አላንኳሰስኩም። የምትተቸው ሁሉ እውነት ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። አንተ ሁልጊዜ የምታናግረው እነሱን ነው፤ ኃላፊውን፣ ሥራ አስኪያጁን፣ ባለ ማኅተሙን። እኛ ዳር ቆመን እንስቅልሃለን። እነሱ ሰምተውህ ቧንቧ ጠግነው አያውቁም። እኛ ግን ያልከውን ሁሉ እንሰማለን፣ ስትቀልድም እንሰማለን። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ወደ እኛ ዞረህ «እናንተስ እንዴት ናችሁ? እንዲህ አድርጉ» ብለኸን አታውቅም።

ስምህ እንዳይበላሽ ትፈራለህ፣ ይገባኛል። እኔ ደግሞ አክስታችንን እፈራለሁ። ፍርሃታችንን አንድ ሚዛን ላይ አስቀምጠህ እየው።

እህትህ


ሐምሌ 7

እትዬ፣

የልብስ ሰፊውን ሚስት ነገር ሳነብ ተቀመጥኩ። ስሟን እንኳን አላውቀውም ነበር፤ ቁልፍ እየተከለችልኝ ስታሾፍብኝ ብቻ ነው ትዝ የምትለኝ።

ሐሙስ ጠዋት እናገራለሁ። እንዴት እንደሚነገር ለእኔ ተይው፤ እንጀራዬ ነው። አክስቴ ሬዲዮዋን እንዳትዘጋ ብቻ።

ወንድምሽ


ሐምሌ 10

ወንድሜ፣

ሰማንህ። ሰፈሩ በሙሉ ሰማህ።

እንዴት ነበር ብለህ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ እውነቱን ልንገርህ። በጣም ያስቃል። የማስታወቂያ አንባቢውን ድምፅ እያስመሰልክ «የተከበራችሁ የአንጀት ባለቤቶች» ብለህ ስትጀምር በየቤቱ የፈነዳው ሳቅ መንገድ ላይ ይሰማ ነበር። ክዳን ምን እንደሆነ፣ ጀሪካን ምን እንደሆነ፣ ሰዓት ምን እንደሆነ በየተራ እያሾፍክ አስረዳህ። አንዲት ቃል አልሳትክም፤ መጠኑም ትክክል ነው። ግን ማንም አላመነህም።

አክስታችን እንባዋ እስኪወርድ ነው የሳቀችው። «አየሽ? አስገድደውት ነው የሚያነበው። ድምፁን ሰምተሻል? እየጠቀሰን ነው እኮ። እንዳትነኩት እያለን ነው» አለችኝ። ጎረቤቶቿም እንዲያው ነው የተረዱት። እስከ ሐሙስ ድረስ ይጨምሩ የነበሩ ሁለት ቤቶች ነበሩኝ፤ እነሱም ተዉት። ምላጭ እንዲህ ካለ ነገር አለው ብለው ነው። በአንተ አልፈርድም። ሰው ሁልጊዜ በሚስቅበት ድምፅ ሲጮህ፣ እሳት ተነሳ ቢልም የሚስቅ ይመስላል።

አሁን የምጽፍልህን ተቀምጠህ አንብበው። አክስታችን ትናንት ከሰዓት በኋላ ታመመች። በቃሬዛ አምጥተን አስተኝተናታል። ግሉኮስ ገብቶላታል፤ ታውቀኛለች፣ ትሰድበኛለችም፣ ይህ ጥሩ ምልክት ነው።

ልምጣ እንደምትል አውቃለሁ። አትምጣ። እዚህ መጥተህ ባልዲ ከመድፋት ሌላ የምትሠራው የለም፤ ባልዲ የሚደፋ ሰው አላጣሁም። ያጣሁት የሚታመን ሰው ነው።

እህትህ


ሐምሌ 14

እትዬ፣

ዓርብ ማታ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄጄ ነበር። ሹፌሩ «እህትህ እንዳታሳፍረው ብላኛለች» ብሎ መለሰኝ። ይህን ያህል ታውቂኛለሽ ማለት ነው።

ያን ቀልድ ከየት አመጣኸው ብለሽ ጠይቀሽኝ አታውቂም፤ እኔ ግን አራት ቀን ሙሉ ራሴን እየጠየቅኩ ነው። ልንገርሽ። ያን ቀን ወረቀቴ አልቆ ለዜና ሁለት ደቂቃ ቀርቶኝ ነበር። ቴክኒሻኑ በመስታወቱ ማዶ እጁን ያሽከረክርብኛል፤ ሙላው ማለቱ ነው። ጠረጴዛው ላይ ውሃ ሥራው መድኃኒት ማደል መጀመሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ነበር። ከርዕሱ በታች አላነበብኩትም። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ፣ ሰዓቱ ሞላ፣ ቴክኒሻኑም ሳቀ። ያ ነው። ስለ መድኃኒቱ ያኔ የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ዛሬም የማውቀው አንቺ የጻፍሽልኝን ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔው ደግሞ አፋፍ ላይም አልቆመ፣ እናንተ ቤት ድረስ ወረደ።

ሰዎች ሲለቁ ስቱዲዮ ገብቼ ብቻዬን «አንድ ክዳን፣ ግማሽ ሰዓት» ብዬ ቀዳሁት። መልሼ ስሰማው እኔ ራሴ ሳቅኩ። ደግሜ ቀዳሁ፣ ደግሜ ሳቅኩ። በሰባተኛው ተውኩት። እትዬ፣ ድምፄ ሌላ ነገር መናገር ረስቷል። ይህን ለማወቅ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ምን ልበላቸው? አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ ደክሞኛል። አክስቴ ስትሰድብሽ ምን እንደምትል ቃል በቃል ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ሐምሌ 17

ወንድሜ፣

የአክስታችን ስድብ ቃል በቃል፦ «አንቺ ልጅ፣ ከዚህ ከረጢት ይልቅ ሾርባ ብትሰቅዪልኝ እስካሁን ቤቴ ነበርኩ።» ትውከቱ ቀንሶላታል። ልቧ ግን ደካማ ነው፤ ሐኪሙ በየሰዓቱ ያያታል።

ምን ልበላቸው ብለሃል። ለእኔ የጻፍክልኝን ንገራቸው። ሁለቱን ደቂቃ፣ ያላነበብከውን ደብዳቤ፣ እጁን ያሽከረከረውን ቴክኒሻን። ሌላ ነገር አትጨምርበት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላል የእኛ ሰው፤ ውሃው ጥሩ ባይሆን እንኳን ነገሩን ከሥሩ ይስሙት።

ሌላ ችግር ደግሞ አለ። መድኃኒቱን የሚጨምሩትም አይጠብቁም። ጨምረው ወዲያው ይጠጡታል፤ ገና ሳይሠራ፣ ሽታውም ሳይበርድ። ከዚያ «ይኸው አንጀት አጣቢ» ብለው ይደፉታል። ግማሽ ሰዓት ስትላቸው «የማን ግማሽ ሰዓት?» ይሉሃል። ባዶ ሆድ ለሚጠብቅ ሰው አምስት ደቂቃም ግማሽ ሰዓት ነው።

ትናንት ጠዋት አክስታችን አልጋዋ ላይ ሬዲዮ ክፈቱልኝ አለች። ውሃም ጠማት። በጆጉ ውሃ ላይ ዓይኗ እያየ ጥቂት ጠብታ መድኃኒት ጨመርኩና ጠብቂ አልኳት። ፊቷን አዞረች። «እንግዲያው ልጄ አውርቶ እስኪጨርስ ነው የምጠብቀው። ለእሱ ስል እንጂ ላንቺ ስል አይደለም» አለች። አንተ አንድ ሰዓት ላይ ጀመርክ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አበቃህ። ጠጣችው። «አይሸትም እኮ» ብላ ተቆጣችኝ።

ወንድሜ፣ ፕሮግራምህ ልክ ግማሽ ሰዓት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር አንዳችንም አላሰብነውም።

እህትህ


ሐምሌ 21

ወንድሜ፣

ትናንት ጠዋት አልሳቁም። መጀመሪያ ልነግርህ የፈለግኩት ይህን ነው።

እኔ ልብስ ሰፊው በር ላይ ቆሜ ነበር የሰማሁህ። ስትጀምር ፈገግ ያሉ ነበሩ፤ እንደ ልማዳቸው ቀልዱን ይጠብቃሉ። ሁለት ደቂቃ ቀርቶኝ ነበር ስትል፣ ደብዳቤውን አላነበብኩትም ስትል፣ ቀልዱ የት እንደሆነ ጠፋቸው። ከዚያ ድምፅህ ደከመ። ልጅ ሆነህ ዕቃ ሰብረህ ስትናዘዝ የምታወጣው ድምፅ ነው፣ እኔ አውቀዋለሁ። «በእኔ ሁለት ደቂቃ አንዲት ሴት ጠርሙሷን ሳትከፍት ሞታለች፣ አክስቴም ተኝታለች» ስትል ልብስ ሰፊው መቀሱን አስቀመጠ። ገብቶ ከመደርደሪያው ላይ ያን ጠርሙስ አወረደና ከፈተው።

«አሁን ጨምሩ፤ ዛሬ ከእኔ በኋላ ዜናው ሲያልቅ፣ ከነገ ጀምሮ ግን እኔ አውርቼ ስጨርስ ትጠጣላችሁ» ያልካቸው ነገር ገብቷቸዋል። ከጎረቤት ክዳን ሲዋዋሱ አየሁ። የቀረውን ሃያ ደቂቃ ውሃ ሥራዎቹን ስትወርድባቸው ደግሞ እንደ ድሮው ሳቁ። ደስ አለኝ፤ ጭራሽ ካልሳቁ የሚሰሙህ አይመስለኝም።

አክስታችን ደግሞ ጤና ጣቢያ ተኝታ፣ አንተ እስክትጨርስ ዓይኗን ጨፍና ሰማችህና «ዛሬ ገና አናገረኝ» አለች አሉ።

እህትህ


ሐምሌ 28

እትዬ፣

ዓርብ ደብዳቤሽ አልመጣም። ሹፌሩ «ሥራ በዝቶባት ነው» አለኝ። ይሁን፣ ፍራሹ ይቅለልልሽ እንጂ ደብዳቤው ይቆያል።

በየጠዋቱ ስጀምር «ጨምሩ» እላለሁ፣ ስጨርስ «ጠጡ» እላለሁ። በመሐል ያው የድሮው ሰው ነኝ። ኃላፊያችን ፕሮግራሙን መድኃኒት ቤት አደረግከው ብሎ ሁለት ጊዜ አስጠርቶኛል። አድማጮችም እየጻፉልኝ ነው፤ «ምላጩ ዶለዶመ» ይላሉ። ውሃ ሥራው ይባስ ብሎ የምስጋና ደብዳቤ ላከልኝ። በአየር ላይ አነበብኩትና ቧንቧውስ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ከዚያ ወዲህ ዝም ብለዋል። ድሮ ወሬ ሳጣ ነበር የምደክመው። አሁን አንዲቷን ቃል በየቀኑ ሳልቀልድባት መናገር ያደክመኛል። ይህን ለአንቺ ካልሆነ ለማንም አልናገርም።

አንዲት የለመድኳት ነገር አለች፣ ሳትሰሚኝ አትቀሪም። «ጨምሩ» ካልኩ በኋላ «አክስቴ፣ ጨመርሽ?» እላለሁ። ከዚያ መልሷን የምሰማ ያህል ትንሽ ዝም እላለሁ። ቴክኒሻኑ መጀመሪያ ድምፅ የጠፋ መስሎት ይደነግጥ ነበር፣ አሁን ለምዶታል። ምን ብላ እንደምትመልስልኝ ጻፊልኝ። ከአልጋ ተነሳች? ቤቷ ገባች? ሾርባውስ?

ወንድምሽ


ነሐሴ 1

ወንድሜ፣

እንኳን ደህና ሰነበትክ። በዚህ ሳምንት አዲስ የተኛ ሦስት ሰው ብቻ ነው። ሐኪሙ የመሬቱን ፍራሽ አስነስቷል፤ ዝናቡ ሳያባራ ግን በሽታው አይለቅም ይላል።

ስለ አክስታችን በሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ፤ ዛሬ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። አንተ ግን እንዳታቋርጥ። አደራ፣ አንድም ቀን እንዳታቋርጥ።

እህትህ


ነሐሴ 5

እትዬ፣

ምን ማለትሽ ነው? ስለ ሦስቱም ሰው ጽፈሻል፣ ስለ ፍራሹም ጽፈሻል። ስልክሽ ይጠራል፣ አይነሳም። ሹፌሩን ስጠይቀው ጎማውን ያያል።

አክስቴ እንዴት ናት? ይህን ብቻ መልሺልኝ።

ወንድምሽ


ነሐሴ 8

ወንድሜ፣

አክስታችን የሞተችው ሐምሌ 26፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። በሽታው ለቋት ነበር፤ ልቧ ነው ያልቻለላት። አልተሰቃየችም። እኔ እጇን ይዤ ነበር። ሰኞ ቀበርናት።

እንዳትነግሩት ብዬ ሰፈሩን የለመንኩ እኔ ነኝ። ሹፌሩንም እኔ ነኝ ያስማልኩት፣ እሱን አትቆጣው። ለምን እንዳደረግኩት ልንገርህ፣ ከዚያ እንደፈለግክ አድርገኝ። ብነግርህ ትመጣለህ። መምጣትህ ደግሞ ደንብ ነው፤ ልጇ ነህ። ግን ያኔ ሰዉ መጨመር ከጀመረ ገና ስድስት ቀኑ ነበር። ስምንት ሰው ተኝቶብኛል። አንድ ሳምንት ብትጠፋ ልማዱ ገና ሥር ሳይሰድ ይነቀላል ብዬ ፈራሁ። ቁጭ ብዬ አስቤ ነው የወሰንኩት፤ ተሳስቼ አይደለም። እሷን ከልጇ ነጠልኩ፣ አንተንም ከለቅሶህ ነጠልኩህ። ደግሜ ያው ነገር ቢመጣ ደግሜ አደርገዋለሁ። ይህን በማወቄ ራሴን ጠልቼዋለሁ።

አሁን ሰኞ ጠዋት ምን እንደሆነ ስማ፤ ይህን ልደብቅህ አልችልም። ቀባሪው ግቢዋን ሞልቶት ነበር። ለሰዉ የሚጠጣ ውሃ በበርሜል ተቀድቶ መጣ። ሬዲዮው መስኮቱ ላይ እንደነበረ ነው፤ የከፈተው የለም። አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ልብስ ሰፊው ከሰው መሐል ወጣና ከፈተው። ሬሳ እቤት እያለ ምን ሬዲዮ ነው ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። እሱ ግን «ውሃው ሳይቆይ ልትጠጡት ነው?» ብሎ ጠርሙሱን ከኪሱ አወጣ።

ያኔ አንተ ገባህ። «እንደምን አደራችሁ። ጨምሩ» አልክ። እሱ በርሜሉ ውስጥ ጨመረ። ከዚያ «አክስቴ፣ ጨመርሽ?» አልክ።

ሁሉም እኔን አየኝ። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ልብስ ሰፊው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከአምስት ቃል በላይ ሲናገር የሰማው የለም፤ ወደ ሬዲዮው ዞሮ፣ ሰው ሰላም እንደሚል ጎንበስ ብሎ፣ «ጨምራለች፣ አታስብ» አለህ።

ሬሳውን እንዳናነሳ ማንም ማንንም አልከለከለም፤ ግን ማንም አላነሳም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቆመን ሰማንህ። ያን ቀን የውሃ ሥራውን ሥራ አስኪያጅ አንስተህ ነበር፤ አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው የሳቁ አሉ፣ ይቅር በላቸው። «ጠጡ» ስትል በአንድ ጣሳ እየተቀባበልን ጠጣን። ከዚያ አነሳናት።

እህትህ


ነሐሴ 12

እትዬ፣

ሹፌሩ ደብዳቤሽን ሲሰጠኝ ከመኪናው ወርዶ አጠገቤ ቆመ። አንብቤ እስክጨርስ አልሄደም። ስለዚህ ብቻዬን አልነበርኩም፣ ይህን እንድታውቂልኝ ነው።

ተቆጥቼሻለሁ። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ዋሾ እሆናለሁ። ትናንት ሁለት ጊዜ ጀምሬልሽ ሁለቱንም ቀደድኩ፤ ለጠላት የማይጻፍ ነገር ነበረበት። ልክ ነሽ ብዬም ልጽፍልሽ ሞክሬ ነበር፤ እሱንም እጄ እምቢ አለኝ። ምናልባት ልክ ነሽ። ዛሬ ግን አልለውም።

ከመዝገብ ክፍሉ የዚያን ሰኞ ቅጂ አስወጥቼ ሰማሁት። ደህና አድርጌ ነው የጠየቅኳት፤ ድምፄ አይቀልድም። ከጥያቄው በኋላ ሦስት ሰከንድ ዝም ብያለሁ። ያቺን ሦስት ሰከንድ ደጋግሜ ሰማኋት። ምንም የላትም፣ የወንበር መንቋቋት ብቻ ነው ያለው። አሁን ግን እዚያ ውስጥ ማን እንደተናገረ አውቃለሁ። ልብስ ሰፊውን ስለ እኔ ሆነሽ ጉልበቱን ሳሚልኝ።

ዛሬ ጠዋት ተናግሬያለሁ፣ ሳትሰሚኝ አትቀሪም። «ጨምሩ» ብዬ ወደ ሌላው ነገር ልሻገር አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። «አክስቴ ሞታለች። እናንተ ጨመራችሁ?» አልኩ። ዝም አልኩና ጠበቅኩ። ከዚያ ስለ ቧንቧው ጀመርኩ፤ ሦስት ዓመት ከአንድ ወር ሆኖታል፤ እስኪጠገን አልለቃቸውም።

ሐኪሙ ዝናቡ ሳያባራ በሽታው አይለቅም ይላል ብለሽኛል። ስለዚህ እስከዚያ ከዚህ ወንበር አልነሳም። ዝናቡ ሲያባራ እመጣለሁ። ያን ጊዜ ሰዉ ሁሉ አልቅሶ ጨርሶ፣ ተጽናንቶ፣ ወደ ሥራው ተመልሶ ይሆናል። እባክሽ፣ አንቺ እንኳን ጥቂት አስቀሪና ጠብቂኝ። ብቻዬን ላለቅስላት አልችልም።

ወንድምሽ